ጁስ መፍጫ ሳይኖር ቤት ውስጥ ጁስ የምትሠሩ፣ እስቲ ዘዴውን ንገሩኝ

የአቶቴ ልጅ (ሐዋሳ)፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁ። የጁስ መፍጫዬ ሞተሩ ተቃጥሎ ቁጭ ብሏል። ጠጋኝ ጋ ወስጄው "ከምታሠሪው አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል" ብሎ መለሰልኝ። አዲስ ለጊዜው አልገዛም፣ ስለዚህ "ግዢ" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ሰዎች እሱን እኔም አውቃለሁ። ደግሞ ቢኖርስ? መብራት ሲጠፋ ያው የመደርደሪያ ጌጥ ነው።

ችግሩ ልጆቹ ጁስ ለምደዋል። ሐይቅ ዳር ወጥተን ስንመለስ ጁስ ቤቱ በር ላይ ሙግት ነው። እኔ ደግሞ ሒሳቡን ስከፍል በዚህ ብር ስንት ኪሎ አቮካዶ እንደሚገዛ ነው የማሰላው። አቮካዶ ከወንዶ ገነትና ከይርጋለም በአይሱዙ ተጭኖ በሚገባበት ከተማ እየኖሩ ጁስ በብርጭቆ መግዛት ትንሽ ያናድዳል።

ቤት ያለኝ ሹካ፣ ወንፊት፣ የሻይ ማጥለያ፣ ሙቀጫ፣ የሎሚ መጭመቂያና ካሮት የምፈቀፍቅበት ነው። መሥራት የምፈልገው አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስና ብርቱካን። የትኛው በእጅ ይሠራል፣ የትኛው ትርፉ ድካም ነው? ሞክራችሁ ያያችሁ ብቻ መልሱልኝ በናታችሁ።

የጭኮ አናናስ

አቮካዶ በሹካ። አለቀ። ሌላውን ሌሎች ይንገሩሽ።

ታቦር ግርጌ

እኔ ጁስ ቤት ሠርቻለሁ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሰው የሚያየው ማሽኑን ነው። ማሽኑ ግን የሚሠራው ማድቀቅ ብቻ ነው። እዚህ አገር ስፕሪስ ብለን የምንጠጣው ከላይ እስከ ታች የደቀቀ የፍሬ ሥጋ ነው፣ ተጨምቆ የወጣ ውሃ አይደለም። በደንብ የበሰለ ፍሬ ከተገኘ ለማድቀቅ ወንፊትና ማንኪያ ይበቃል። ያልበሰለ ፍሬ ከሆነ ግን በወንፊት አትታገዪ፣ ክንድሽ ያልቃል እንጂ አይወርድልሽም። ጁስ ቤት ጥሬውንም ጠንካራውንም አብሮ የሚፈጨው ማሽን ስላለው ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ይሸፍንለታል።

አቮካዶውን ለሁለት ከፍለሽ በማንኪያ ዝቀሽ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጊው። ውሃ ቀድሞ አይግባ! ሁሉም ሰው እዚህ ጋ ነው የሚቸገረው። ውሃ ቀድሞ ከገባ ቁርጥራጩ እየተንሳፈፈ ከሹካው ያመልጣል፣ መጨረሻ ላይ ጓል ጓል ያለ ነገር ትጠጫለሽ። መጀመሪያ ደረቁን ከስኳሩና ከግማሽ ሎሚ ጋር ደፍጥጪው። የስኳሩ ቅንጣት ራሱ ይፈጭልሻል። ክሬም ሲመስል ውሃውን በትንሽ በትንሹ እያፈሰስሽ ምቺው። ለአንድ ትልቅ አቮካዶ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጀምሪና ከዚያ እንደምትወጂው አቅጥኚው። በጣም እንዲልም ከፈለግሽ በወንፊት አሳልፊው።

ፓፓያ ከሁሉም ይቀላል። ልጣጩን ገፈሽ ፍሬውን ጠርገሽ ወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ስትጫኚው ራሱ ይወርዳል። ብቻውን አፍ ውስጥ ትንሽ ይከብዳል፣ ሎሚ ይፈልጋል። ያለ ሎሚ ፓፓያ የሚጠጣ ሰው እኔ አይገባኝም።

ዘይቱን (ጓቫ) ካገኘሽ ደግሞ ማሽን ባይኖርሽም ደስ ይበልሽ። የዘይቱን ፍሬ እንደ ጠጠር ነው። መፍጫ ውስጥ ሲገባ ግማሹ ይሰበርና ጁሱ አሸዋ አሸዋ ይላል። በእጅ ሲሆን ለስላሳውን ደፍጥጠሽ በማጥለያ ታወርጂዋለሽ፣ ፍሬው ሳይነካ ላይ ይቀራል። ፓሽን ፍሩትም እንደዚሁ ነው።

ብርቱካንና አናናስ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ለሌሎች ልተውላቸው።

የአቶቴ ልጅ

ኧረ ተባረክ! ማንጎውን ግን ዘለልከው። የእኔ ችግር ክሩ ነው። ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ልጆቹ "ፀጉር አለው" ብለው አይጠጡም።

ታቦር ግርጌ

ክር የሚበዛበት የአገር ማንጎው ነው። እሱን አትላጪው። ሳይላጥ በመዳፍሽ ዙሪያውን በቀስታ እሺው፣ ውስጡ ውሃ እስኪሆን። ከዚያ ጫፉን ቆርጠሽ ወንፊት ላይ ጭመቂው። ልጅ ሆነን ስንመጠው እንደምናደርገው ማለት ነው። ክሩ አብዛኛው ፍሬው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ የተረፈውን ወንፊቱ ይይዘዋል። ትልልቁ ክር የሌለው ማንጎ ከሆነ ግን ላጥ፣ ቆረጥ፣ በሹካ ደፍጠጥ፣ ከዚያ ወደ ወንፊት።

ስታሽው አትቸኩዪ፣ ልጣጩ ከተተረተረ ግድግዳው ሁሉ ማንጎ ነው የሚሆነው።

የአዳማ ፀሐይ

ከአዳማ ነኝ፣ ብርቱካኑን ለእኔ ተዉት። የኑራ ኤራን ብርቱካን እየላጠ ባደገ ሰው ፊት ስለ ብርቱካን አይወራም።

አንደኛ፣ ከፍሪጅ የወጣ ብርቱካን ወዲያው አትጭመቂ። ቀዝቃዛ ፍሬ ውሃውን አይለቅም። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዪው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍሽ ጫን እያልሽ አንከባልዪው፣ ውስጡ ያሉት ከረጢቶች ይፈነዳሉ። ስትቆርጪው ከወገቡ እንጂ ከእምብርቱ ወደ ታች አይሁን፣ በወገቡ ሲቆረጥ ሁሉም ክፍል አፉን ይከፍታል። የሎሚ መጭመቂያሽ ካነሰ ሹካውን መሃል ላይ ሰክተሽ በአንድ እጅ እያዞርሽ በሌላው ጭመቂ። መጭመቂያ አልፈልግም እስክትዪ ድረስ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ አትስገብገቢ። የመጨረሻዋን ጠብታ አወጣለሁ ብለሽ ነጩን እስክትፍቂው ከታገልሽ ይመራል። ፍሬውም ከተደቀቀ ይመራል። ተጨምቆ ሲቆይ ራሱ የሚመር የብርቱካን ዓይነትም አለ፣ በተለይ እምብርት ያለውና ፍሬ የሌለው። ስለዚህ ማታ ጨምቀሽ ለጠዋት የሚለውን እርሺው።

ሐዋሳዎች በአቮካዶ ኩሩ፣ በብርቱካን ግን አትምጡብን።

አሞራ ገደል

የአዳማ ፀሐይ፣ እናንተ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሆናችሁ ብርቱካን ባትጠጡ ነበር የሚገርመኝ።

የአቶቴ ልጅ፣ ሙቀጫ ያልሽው ነገር አሳሰበኝ። ነጭ ሽንኩርት የሚወቀጥበት ነው? እንጨት ከሆነ በምንም ብታጥቢው ሽታው አይለቅም። የነጭ ሽንኩርት ማንጎ ጁስ መጠጣት ካልፈለግሽ ተዪው። እኔ ፍራፍሬውን ጠንካራ ፌስታል ውስጥ አድርጌ አፉን አስሬ በሊጥ መዳመጫ ነው የምጨፈልቀው። ከዚያ የፌስታሉን ጥግ በመቀስ ቆርጦ ወደ ወንፊት መጭመቅ። ሳህን አይቆሽሽም፣ ወንፊቱን ብቻ ማጠብ ነው። ሐብሐብም በዚህ ያምራል፣ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ራሱ ይፈሳል።

የአቶቴ ልጅ

ሙቀጫው የነጭ ሽንኩርት ነው፣ ገምተሃል። ተወው በቃ። አናናሱስ?

የጭኮ አናናስ

አሁን የእኔ ተራ ነው።

አናናስ ከተቆረጠ በኋላ ቤት ቢቀመጥ አይጣፍጥም። ቀለሙ ቢለወጥ፣ ቢለሰልስም ስኳሩ አይጨምርም። ማንጎና አቮካዶ ላይ የለመድነውን "ገዝቼ ላብስለው" እዚህ አታምጪው። ስትገዢ ቂጡን አሽቺው። ከሸተተ ግዢ፣ ካልሸተተ ሰውዬው ምንም ቢምል እለፊው። ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚሸጡት ጋ ደርሰሽ ከሆነ አፍንጫሽ ራሱ ይመርጥልሻል።

አሠራሩ፦ ካሮት የምትፈቀፍቂበትን አውጪ። አናናሱን ላጪውና ለአራት ሰንጥቂው፣ መሃል ያለውን ጠንካራ ግንድ ግን አትቁረጪው፣ እንደ እጀታ ይያዝልሻል። ሥጋውን እስከ ግንዱ ፈቅፍቂ። ከዚያ ንጹሕ ሻሽ ውስጥ አድርገሽ ጠምዝዢው። የሚወጣው ጭማቂ ጥርት ያለ ነው፣ ከማሽኑ ይሻላል ብል ዋሸህ አትበሉኝ፣ አረፋ የለውማ።

ጊዜ ካለሽ ሌላም ዘዴ አለ። ቆራርጠሽ ትንሽ ስኳር ነስንሰሽ ክዳን ገጥመሽ ተዪው። ስኳሩ ራሱ ውሃውን ስቦ ያወጣዋል። እንጆሪም በዚህ ይሠራል።

ማኪያቶ ያለ ስኳር

አናናስ ላይ ወተት ጨምሪበት፣ ልጆች ይወዱታል።

የጭኮ አናናስ

ወተት?! ምነው ወንድሜ።

ማኪያቶ ያለ ስኳር

ምን ችግር አለው? አቮካዶ በወተት እንጠጣ የለ?

ታቦር ግርጌ

አቮካዶ በወተት ምንም አይልም። ጥሬ አናናስ ግን የወተቱን ፕሮቲን የሚሰባብር ነገር አለው፣ ብሮሜሊን ይባላል። ወዲያው ከጠጣችሁት ላይታወቅ ይችላል። ትንሽ ከቆየ ግን ይመራል፣ ይቆራረጣልም። አናናስ ስትበሉ ምላሳችሁን የሚለበልበውም እሱ ነው። ፓፓያም ዘመድ የሆነ ነገር አለው፣ ፓፔይን የሚሉት፣ በተለይ ጥሬው ላይ ይበዛል። ጁስ ቤት የፓፓያ በወተት ያዘዘ ደንበኛ ስልክ እያወራ ቆይቶ ሲቀምሰው "ወተቱ ተበላሽቷል" ብሎ ይጣላን ነበር። ወተቱ ምንም አልሆነም።

የግድ በወተት ካላችሁ አናናሱን መጀመሪያ አፍሉት። እሳት ሲያገኘው ያ ነገር ይሞታል። ግን የፈላ አናናስ ትኩስነቱ ይሄዳል፣ ለእኔ አያዋጣም።

ማኪያቶ ያለ ስኳር

እሺ በቃ፣ ወተቱን ማኪያቶዬ ላይ አደርገዋለሁ።

የልጆች አያት

ልጆቼ እንደምን ዋላችሁ። ይህን ስልክ የልጅ ልጄ ነው ያስለመደችኝ፣ ስታነብልኝ ሳቄ መጣ። እኛ በጾም ሱፍ ስንጠጣ ማን መፍጫ ነበረው? ሱፉን ለብ አድርገን አምሰን ወይም ቀቅለን እንወቅጠዋለን፣ ገለባውን እናበጥራለን፣ ከዚያ በውሃ አሽተን በወንፊት፣ እንደገና በነጭ ጨርቅ። ወተት መስሎ ይወጣል። ተልባም ታምሶ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተመትቶ በማር ይጠጣል። ወንፊቱ እኮ ከድሮም አለ። እናንተ ጁሱን ከማሽኑ ጋር አንድ ላይ ስላያችሁት ነው ግራ የገባችሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ፣ ጨርቁን በሳሙና አትጠቢው፣ ሽታው ይቀራል። በፈላ ውሃ ቀቅለሽ ፀሐይ ላይ አስጪው።

የአቶቴ ልጅ

እናቴ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የጨርቁን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ሱፉንማ ለጾሙ እሞክረዋለሁ፣ ሲወቀጥ ግን በነጭ ሽንኩርቱ ሙቀጫ እንዳይሆን አዲስ ሳልገዛ አልቀርም።

ነጭ ጋውን

ሰላም፣ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ጨዋታውን ላበላሽ ነው ይቅርታ፣ ግን እዚህ ሁሉም ስለ ወንፊት ሲያወራ ስለ ውሃ የተናገረ የለም።

በእጅ ሲሠራ እጅ ብዙ ይነካዋል። ፍራፍሬውን ልጣጩን የምትጥሉት ቢሆንም ቅድሚያ እጠቡት። ሐብሐብ ላይ ያለው ቆሻሻ በቢላዋው ተያይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የምትቀላቅሉበት ውሃ የፈላና የቀዘቀዘ ወይም በውሃ አጋር የታከመ ይሁን፣ የማከሚያውን መጠን ዕቃው ላይ እንደተጻፈው አድርጉ። ሐዋሳ ከፍታዋ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ውሃው ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከፍ ያለ ደጋ ላይ የምትኖሩ 3 ደቂቃ አድርጉት። በረዶም ያው ውሃ ነው። ብዙ ሰው ፍሪዘር ጀርም ይገድላል ብሎ ያስባል። አይገድልም፣ ያስተኛዋል እንጂ። ካልተጣራ ውሃ የተሠራ በረዶ ብርጭቆው ውስጥ ሲሟሟ ጀርሙም አብሮ ይነቃል።

ሕፃን ያላችሁ ደግሞ፣ እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፣ ጁስም ውሃም አይሰጥም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር ዓመት ላልሞላው ልጅ ጁስ ጭራሽ አይስጥ ይላል፣ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለው በቀን ከ120 ሚሊ ሊትር አይብለጥ። ይህ ማለት ትንሽ የሻይ ብርጭቆ ነው። ማርም ዓመት ላልሞላው አይሰጥም፣ ከላይ ተልባ በማር ስለተባለ ነው የማነሳው።

ባጃጅ ሹፌሩ

ሲስተር ሁሉንም ከለከለችን እኮ። አየርስ ይፈቀዳል?

ነጭ ጋውን

አየር ይፈቀዳል፣ የባጃጅህን ጭስ ግን አልጨመርኩም።

ስኳር በዛ

የስኳር ነገር ተነሥቶ ሳያልቅ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ስኳር አለበት። እኛ ቤት "የተፈጥሮ ነው" እየተባለ ስኳር ያልገባበት የማንጎ ጁስ በትልቅ ብርጭቆ ይሰጠዋል። እኔ ደግሞ ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም፣ ግን እናቴን ማሳመን አልቻልኩም።

ነጭ ጋውን

ልክ አይደለም፣ እናትሽን በእኔ ስም ተቆጪያቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ስኳር ባወጣው መመሪያ የጁስ ስኳርንም በማንኪያ ከሚጨመረው ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። አንድ ማንጎ ቁጭ ብሎ ሲበላ ጊዜ ይወስዳል፣ ያጠግባልም። ሦስቱ ተጨምቀው ብርጭቆ ውስጥ ሲገቡ ግን በአንድ ትንፋሽ ይወርዳሉ። በወንፊት ሲጣራ ደግሞ የስኳሩን አወሳሰድ የሚያዘገየው ክር ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ለአባትሽ ፍሬውን ራሱን፣ ትንሽ ቁራጭ፣ ከምግብ ጋር። መጠኑን የሚያክማቸው ሐኪም ይንገራቸው። ጁስ ካማራቸው አቮካዶ ስኳር የሌለው በሎሚ ይሻላል፣ አቮካዶ ውስጥ ያለው ስኳር በጣም ጥቂት ነው።

ሌላ ደግሞ ግሬፕፍሩት የሚጨምቅ ካለ፣ ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት ጋር ይጋጫል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፋርማሲ ይጠይቅ።

ስኳር በዛ

ስሜን ልቀይር መሰለኝ። አመሰግናለሁ ሲስተር፣ ስልኩን ይዤ ወደ እናቴ እየሄድኩ ነው።

ባጃጅ ሹፌሩ

እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ድርድሩ። አረንጓዴ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይ ሆኖ በብርጭቆ የሚመጣው። ቤት ስሠራው ሁሉም ተደባልቆ የጭቃ ቀለም ይሆንብኛል።

ታቦር ግርጌ

ውሃ ስለምታበዛበት ነው። ለድርድር የሚሆን ጁስ በማንኪያ የሚበላ ያህል መወፈር አለበት። አቮካዶውን ወፍራም አድርገህ ከታች፣ ከዚያ ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ። ሁለተኛውን ስትጨምር ከከፍታ አትገልብጠው። ማንኪያ ገልብጠህ ጀርባው ላይ ቀስ አድርገህ አፍስስ፣ በብርጭቆው ጠርዝ በኩል ይውረድ። ቪምቶ የሚወድ ሰው መጨረሻ ላይ ጠብ ያደርጋል፣ ሎሚው ጎን ላይ። በእጅ የተደፈጠጠ ጁስ ለዚህ እንዲያውም ይመቻል፣ ማሽኑ አየር እየሞላ ያሳሳዋል። ስታቀርበው ደግሞ አታማስለው። እኔ ስንት የደከምኩበትን ብርጭቆ ደንበኛው በማንኪያ አንድ ጊዜ ሲያዞረው አንጀቴ ነበር የሚቃጠለው።

ይርጋለም በር

አቮካዶ ሻጭ ነኝ፣ የመምረጡን ነገር ልጨምር። ሁሉም ሰው ፍሬውን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ኧረ ተዉ! እናንተ የተጫናችሁት ቦታ ነገ ይጠቁርና ለሌላ ሰው ይደርሳል። መዳፍ ውስጥ አድርጋችሁ በሙሉ እጅ ቀስ ብላችሁ ያዙት፣ እሺ ካለ በስሏል።

ሀስ የሚባለው ቆዳው ሻካራ ነው፣ ሲበስል ይጠቁራል፣ ስለዚህ ጥቁር ሲሆን ተበላሸ ብላችሁ አትሽሹ። ሥጋው ወፍራም ስለሆነ በሹካ ለመሥራት አንደኛ ነው። ኤቲንገር ግን ቢበስልም አረንጓዴ ነው፣ በቀለሙ አይታወቅም። የአገሩ ትልልቁ አንዳንዱ ውሃ ይበዛበታል፣ አንዳንዱ ክር አለው፣ እሱን ወንፊት ይለየው። ዋጋው ረከስ ያለ ስለሆነ ለቤተሰብ እሱ ያዋጣል።

ጥሬውን ገዝታችሁ ከሆነ ከበሰለ ሙዝ ጋር ጋዜጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ያበስለዋል። ፍሪጅ ውስጥ ጥሬውን ካስገባችሁት ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም እዚያው ይበላሻል። ፍሪጅ የሚገባው ከበሰለ በኋላ ነው።

የአቶቴ ልጅ፣ እሑድ ማታ

ቤተሰብ፣ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ማንጎውን ሳልልጥ አሽቼ በወንፊት አወረድኩት፣ ክር የሚባል የለም። ልጆቹ ጥያቄ ሳያነሡ ጠጡ። አቮካዶው በስኳርና በሎሚ ደርቆ ሲመታ እውነትም ክሬም ይሆናል፣ ይህን ነገር ጁስ ቤት ብር ከፍዬ ነበር የምጠጣው? አናናሱ ግን ክንድ ይፈልጋል። ባለቤቴን ጨርቁን ጠምዝዝ ብዬ ሰጠሁት፣ ኳስ እያየ ጠመዘዘልኝ።

ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። አቮካዶው ለማታ ቢተርፍ ይጠቁራል፣ ምን ላድርግ? የአናናሱ ልጣጭና ጨርቁ ውስጥ የቀረውስ ይጣላል?

ይርጋለም በር

አቮካዶው የሚጠቁረው አየር ሲያገኘው ነው። ሎሚው ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ትንሽ ዕቃ ውስጥ እስከ አፉ ሙዪው፣ ፕላስቲኩን ከላይ ጁሱን ነክቶ እንዲተኛ አድርጊና ፍሪጅ አስገቢው። ላዩ ትንሽ ከጠቆረ ገፈፍ አድርጊው፣ ሥሩ ደህና ነው። ፍሬውን ጁሱ ውስጥ ከጣልሽው አይጠቁርም የሚሉሽን አትስሚ፣ ፍሬው የሚሸፍነውን ቦታ ብቻ ነው ከአየር የሚከልለው።

የጭኮ አናናስ

ልጣጩ እንዴት ይጣላል! በደንብ ታጥቦ ከሆነ ከዝንጅብል፣ ከቀረፋና ከትንሽ ቅርንፉድ ጋር አፍዪው፣ አጥልለሽ እንደ ሻይ ትኩሱን ወይም አቀዝቅዘሽ። ጨርቁ ውስጥ የቀረውን ከስኳር ጋር እሳት ላይ ብታማስዪው ዳቦ ላይ የሚቀባ ማርማላታ ይሆናል።

አሞራ ገደል

ፍሪዘር ያላችሁ ሌላም አለ። አናናሱን ወይም እንጆሪውን ቆራርጣችሁ አንድ ሌሊት አቀዝቅዙት፣ ጠዋት አውጥታችሁ ይሟሟ። በረዶው ውስጡን ስለሚሰነጣጥቀው ሲጨመቅ ውሃው እጥፍ የሆነ ይመስላል። ባለቤትሽም ኳሱን በሰላም ያያል። ሌሊቱን መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

ከዲላ ወዲህ

ዘግይቼ ነው የገባሁት። ካሮትና ቀይ ሥርስ በእጅ ይሆናል? ሐኪም ደም ማነስ ብሎኝ ሰፈሩ ሁሉ ቀይ ሥር ጠጪ ይለኛል።

የጭኮ አናናስ

ይሆናል፣ እንደ አናናሱ ፈቅፍቀሽ በሻሽ ነው። በደቃቁ በኩል ፈቅፍቂው። ትንሽ ውሃ ረጭ አድርገሽ አሽተሽ ጭመቂ፣ ከዚያ ብርቱካን ጨምሪበት። ነጭ ልብስ አትልበሺ።

ነጭ ጋውን

ጠጪው፣ ግን መድኃኒት ታዞልሽ ከሆነ በቀይ ሥር እንዳትተኪው። ቀይ መሆኑ ደም አያደርገውም፣ ያለው ብረት እንደሚወራለት ብዙ አይደለም። የአይረን እንክብልሽን ግን በሻይ ወይም በቡና አትዋጪው። በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው፣ ቫይታሚን ሲው ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

የአዳማ ፀሐይ

አላልኳችሁም? ብርቱካን።